መዶሻ የያዘች እንግዳ በጡቡ ቤት

«ቤቴን ያደነቀ፣ ከደጄ የቆመ፣
ም… ም… ነው መሰል፣ ስሜን የደገመ…»

አያ ገብሩ ይህችን ዜማ ሲያንጎራጉር ሁልጊዜ እዚያችው ላይ ይሰናከላል። እናቱ ጎንደር ሳሉ ስታዜማት «እንግዳ ነው መሰል» ነበር የምትለው፣ ወይስ «ጠላቴ ነው መሰል»? ቃሏ ከልቡ ጠፍታለች። ዛሬ ግን ወደ «ጠላቴ» አድልቷል፤ አንዲት ልጅ መዶሻ ይዛ ግድግዳውን ኳ ኳ እያደረገችበት ነዋ።

ቤቱ በቅድስቲቱ ከተማ፣ ከደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ገዳም ግቢ ኋላ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ድንጋይ ለብሶ እሱ ብቻ ቀይ ጡብ። ድሮ አንድ እንግሊዛዊ የአባቱ የእርሻ ቤት ናፍቆት ቢያንገበግበው፣ በረዶ እንዲንሸራተትበት ጣሪያውን አሹሎ፣ በሩን ጎንበስ የሚያሰኝ አድርጎ፣ መሐሉ ላይ በሬ የሚያስገባ ምድጃ ተክሎ ሠራው ይባላል። ሰውየው ሄደ፤ ናፍቆቱ እዚያው ቀረ። ገብሩ የገዳሙን በር ሲጠብቅ ያረጀ ሰው ነውና ገዳሙ ኑርበት አለው። ሌላ ጣሪያ የለውም።

ልጅቱ አልማ ትባላለች። ወላጆቿ ከጎንደር የመጡ ቤተ እስራኤል ናቸው፤ እሷ እዚሁ ከተማ ቃታሞኒም ሰፈር አድጋ የአሮጌ ቤት አሠራር ታጠናለች። የገዳሙ አስተዳዳሪ አባ፣ ቤቱን እንድታይ ፈቅደውላት ነው የመጣችው። ገና ከመግባቷ «ቤትህ በጣም ቆንጆ ነው» አለችው። በዚህ ሽበቱ አንተ መባሉን፣ አንቱን አታውቅ ይሆናል ብሎ ተወው። ሙገሳው ግን ከነከነው። የሚገዛ ያጣጥላል፤ የሚያሞግስ በነጻ ሊወስድ ነው።

ጊዜው የነቢያት ጾም ነው፣ ውጭ ዝናብ ይጥላል። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል፤ ሽሮው ምድጃው ዳር ይንተከተካል፤ ገብሩ ግን አልተቀመጠም። ጓዳ ስትገባ ተከትሎ ይገባል። ቆጥ ስትወጣ እያለከለከ ይወጣል። አንገቷን ቀና አድርጋ ጭስ ማውጫውን ስታይ፣ ምን እንዳየች ለማየት እሱም ቀና ይላል። አባባ፣ ብላ እንጂ ብትለው፣ መዶሻ ባለበት ቤት እህል አይወርድልኝም አላት።

የምድጃው ግድግዳ ጋ ስትደርስ የመዶሻው ድምፅ ተለወጠ። ነጩ ልስን አብጧል፤ ላብ ያቸፈቸፈው ግንባር ይመስላል። ያን ግድግዳ ገብሩ በየዓመቱ ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት በገዛ እጁ ይመርገዋል፤ ባደገበት አገር ዓመት በዓል ባልተመረገ ቤት አይዋልም። ጭቃና ጭድ ቢያጣ በሲሚንቶ፣ ከላዩም በዘይት ቀለም። ግድግዳው ባለቀሰ ቁጥር ያወፍርለታል።

ማን መረገው ብላ ጠየቀችው። በዓሉ ነው የመረገው አላት።

መከፈት አለበት ስትል ነገሩ ሁሉ ተገለጠለት። ይከፍቱታል፣ በስብሷል ይላሉ፣ ቀጥሎ አያ ገብሩ ውጣ ነው። ይህንኑ ፊት ለፊት ነገራት። አልማ አማርኛው አጠራት፤ በዕብራይስጥ ጀምራ ተወችው። በመጨረሻ መዳፏን አፍና አፍንጫዋ ላይ ጥርቅም አድርጋ አሳየችው።

«ቤቱን እንዲህ ነው ያደረግኸው» አለች እጇን ስታነሳ።

ጡብና ኖራ ክረምት የጠጡትን በጋ ይተነፍሱታል፤ ሲሚንቶው ግን ውኃውን ውስጥ ቆልፎበታል። እንደምንም ብላ ያስረዳችው ይህንን ነው።

ገብሩ ያበጠውን ልስን በመዳፉ ዳሰሰ። ስንት ዓመት ሲያስጌጠው እያፈነው ኖሯል? ከዚያ የሰው እጅ ከሚነካው እኔው ልንካው ብሎ የራሱን መሮ አመጣ። ልስኑ እንደ ደረቀ ዳቦ ቅርፊት ተገምሶ ወደቀ። ከኋላው የእንግሊዛዊው ጡብ ብቅ አለ፤ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር፣ ደግሞ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር፣ ልክ እንደ ዜማ ምት። ርሶ ጠቁሯል። በመሮው ጫፍ መታው። ጠንካራ ነው፤ ጠርቶ ጮኸ።

«ለአባ ምን ልትያቸው ነው?»

«ሲሚንቶው ይነሳ እላለሁ። ጡቡ እስኪደርቅ በየቀኑ እሳት የሚያነድ ሰው ይኑርበት እላለሁ።»

«ሰውየው ማነው?»

«ሌላ ማን አለ፣ አባባ?»

ዓይን ዓይኗን አያት። ጠላቴም አላላት፣ እንግዳም አላላት። እንጨት ጨመረና ሁለተኛ ሳህን አወረደ፤ የጾም ነው፣ ለእናንተም ይሆናል አላት። ከዚያ መዶሻዋን ከእጇ ቀስ አድርጎ ወስዶ በርጩማው ሥር አስገባው።

«ለማንኛውም» አለ።

በርጩማው ላይ ተቀመጠ፣ አማተበ፣ እንጀራውን ቆርሶ ሽሮው ውስጥ ነከረ።