በሁለት ዘፈን መካከል

ያችን ኮረብታ ዛሬም ዓይኔን ሳልጨፍን አያታለሁ። እናንተ የእንጅባራ ልጆች «ኔትወርክ ጠፋ» ብላችሁ ስትበሳጩ እስቃለሁ። እኔ የሻምበላችን ሬዲዮ ኦፕሬተር ሆኜ ከጠላት እኩል የታገልኩት ከጎረቤት አገር ዘፈን ጋር ነበር።

የምንገናኝበት አጭር ሞገድ አጠገብ አንድ የውጭ ጣቢያ ነበር። ቀን ዝም ይላል። ምሽት ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሥርጭቱን ይከፍትና ድምፃችንን ውጦ ቁጭ!

ያን ቀን ለአሥራ ሁለት ሁለት ደቂቃ ሲቀር ትእዛዝ መጣ። ጠላት ከማዶ ኮረብታውን እየወጣ ነው። አሥራ ሁለት ከሃያ ላይ መድፋችን ኮረብታውን ይመታል። እዚያ ላይ ግን ሃያ ስድስት የእኛ ሰዎች አሉ፤ ሬዲዮአቸውን የያዘው ጓደኛዬ ፈንታሁን ነው፣ የግምጃ ቤት ከተማ ልጅ፣ እንደ እኔው አገው። መልእክተኛ በእግሩ አይደርስም። «ውረዱ» የሚለውን መልእክት ወደ ምስጢር ቁጥር ለውጬ ሳልጨርስ ዘፈኑ ጀመረ።

የጣቢያውን ጠባይ አውቃለሁ። በዘፈንና በዘፈን መካከል ጥቂት ትንፋሽ ያህል ያርፋል። ቀጭን ፉጨት ብቻ ይቀራል፤ በፉጨት ውስጥ ደግሞ የሰው ድምፅ ያልፋል። ጠበቅሁ። ዝም አለ! እንደ ደንቡ መጀመሪያ የጥሪ ስማቸውን ጠራሁ፣ የእኛንም ተናገርኩ። ሳልጨርስ ሁለተኛው ዘፈን ገባ።

«ሻምበል፣ ቁጥሩ ረጅም ነው። በአገውኛ ልንገረው፤ ይፍቀዱልኝ» አልኩ። በግልጽ ቋንቋ መናገር ክልክል ነበር።

«ለደንቡ እኔ እጠየቃለሁ። ተናገር!» አሉኝ።

ሰባት ደቂቃ ተዘፈነ። እንደዚያ የረዘመ ዘፈን በዕድሜዬ አልሰማሁም! ሲያበቃ በአገውኛ ጮህኩ፦ «ውረዱ! አሁኑኑ! መድፍ ሊመታችሁ ነው!» ዘፈኑ ተመለሰ። መልስ የለም።

በሰዓቱ መድፉ ተኮሰ። ኮረብታው በአቧራ ተሸፈነ። ከዚያ ከወንዙ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ሰዎች ብቅ ብቅ አሉ። አቤት ደስታዬ! እየዘለልኩ ቆጠርኳቸው። ፈንታሁን ሬዲዮውን እንዳዘለ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ።

«ሰማሁህ! ሰማሁህ እኮ!» አለኝ።

ሃያ ሁለት ነበሩ። ደግሜ ቆጠርኩ።

«አራቱስ?»

«ቃፊሮቹ ለጥበቃ ከኮረብታው ጫፍ ነበሩ። ሄጄ ልጠራቸው ነበር፤ አምስት ደቂቃ አነሰኝ።»

ከሃያ ሁለቱ በሕይወት ያሉት ዳንግላ ገበያ ሲያገኙኝ ትከሻዬን እየሳሙ «ነፍሳችንን አተረፍክ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ደስም ይለኛል። የመጀመሪያዋን ዝምታ ግን የጥሪ ስም ስጠራ ጨረስኳት። ፈንታሁን ድምፄን ያውቅ ነበር፤ ስም መጥራት አያስፈልገኝም ነበር።