ጄኔሬተሩ ባይጠፋ ኖሮ ሐቦባን አልሰማቸውም ነበር

ጄኔሬተሩ ቀጥ ከማለቱ ስሜ ሲጠራ ሰማሁ።

ዛሬ ቀትር ላይ ነው። ካርቱም አጠገብ ኦምዱርማን፣ የምሠራበት ቤት ሆሽ፣ ማለትም ግቢው ውስጥ፣ ልብስ እያጠብኩ ነበር። ጄኔሬተሩ አጠገቤ ያጓራል።

ቤንዚኑ አለቀ። «ደግሞ ዛሬም!» ብዬ ልራገም አፌን ስከፍት፣ «ዘሀራ! ያ ዘሀራ!» የሚል ድምፅ ግቢውን ሞላው።

የማስታምማቸው አሮጊት ናቸው። እኔም እንደ ልጆቻቸው ልጆች ሐቦባ ነው የምላቸው፣ አያቴ እንደማለት።

ሮጬ ስደርስ ሆሹ ጥግ ያለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንሸራተው ወድቀዋል! በሩ ከእኔ አይርቅም እኮ!

አልሐምዱሊላህ፣ አጥንታቸው ተርፏል። ደግፌ አልጋቸው ላይ ካስተኛኋቸው በኋላ ድንጋጤዬ ወደ ንዴት ዞረ።

«ሐቦባ፣ ይህን የመሰለ ድምፅ እያለዎት ምነው ቀደም ብለው ባይጮሁ?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ስጮህማ መች ሰማሽኝ? ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮኬ ጮኬ ተውኩት። አሁን የሰማሽው ድምፄ አልቆ በሹክሹክታ ስጠራሽ ነው።»

ክው አልኩ። ጩኸታቸውን ሳልሰማ፣ ሹክሹክታቸው ጩኸት መሰለኝ!

ካርቱም ከገባሁ ጀምሮ ቤንዚን በማለቁ አምላኬን ሳመሰግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

እናንተስ፣ አጠገባችሁ ሰው እየጮኸ ሳትሰሙት ቀርታችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ እስቲ።

እኔ ግን ጠዋት ቤንዚኑን ስቀዳ «ትንሽ ልጨምር ይሆን?» ብዬ ትቼው ነበር። እሷ ትንሽ ናት ከአእምሮዬ አልወጣ ያለችው።