ሰዉ የቱ ላይ ዝም አለ?

ወንድሜ በለቅሶው ድንኳን ሰው ሁሉ እየሰማ «አጎታችን ሲያጣጥሩ እሱ ደብረ ታቦር ከተማ ሄዶ ይጨፍር ነበር» ብሎ ስሜን አጠፋ። ውሸቱን ነው፤ የላኩኝ እሳቸው ናቸው።

እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ ማሲንቆ የሚመታበት ሁሉ እኔን ይልኩኝ ነበር። ስመለስ «ዘፈኑን ተወው፤ ሰዉ የቱ ላይ ዝም አለ?» ይላሉ። አላስተዋልኩም ካልኩ «ታዲያ ልትበላ ነው የሄድክ?» ብለው ይስቁብኛል።

ያን ቀን ግን አስተዋልኩ። እንዳልረሳው ብዬ፣ ጎልምሼ በተማርኩት ፊደል «አዝማሪው ስለ እናቱ ሲያነሳ ጸጥ አሉ» ብዬ ጻፍኩት። ስደርስ ተገንዘው ነበር። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ አለ፤ የሚጠይቀኝ የለም።

ባለቤታቸው ወንድሜን በሽማግሌዎች ፊት «እኔ እያየሁ ነው እሳቸው የላኩት፤ አንተ የት ነበርክና?» አሉት። ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የጠየቀኝ በአርባቸው፣ በሰኔ ሚካኤል ዕለት ነው።