መሬት የወደቀው የገመድ ጫፍ

መሐል ሜዳ የወረዳው የኔትወርክ ባለሙያ ነበርኩ። ባለሙያ የምለው ሰዎቹ እንደዚያ ስለሚጠሩኝ ነው። ወባ የማያውቀውን መንዝ ግምገማ በሚያንቀጠቅጥበት ዘመን ነው።

የምፈራው ላፕቶፕ ይዘው የሚዞሩትን ጎረምሶች ነበር። አንዱ መጥቶ ቢሰካ ቫይረስ ያመጣብኛል ብዬ፣ ኔትወርኩን ለየቢሮው በሚያከፋፍሉት ሳጥኖች፣ ማለትም በስዊቾቹ ላይ፣ እያንዳንዱን የገመድ መሰኪያ ቀዳዳ፣ ፖርት የምንለውን፣ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አሰርኩት፤ ሌላ ማሽን ከተሰካበት ይዘጋል። ባዶዎቹንም ዘጋሁ። የቪዲዮ አዳራሹን ስዊች ብቻ እንዳለ ተውኩት። እዚያ የሚገባው ባለጉዳይ ነው፣ ማን ይነካዋል?

አዳራሹ ውስጥ ሰው እዚሁ ተቀምጦ በበላይ ፍርድ ቤት ፊት በስክሪን ይሟገታል። ያን ቀን ተረኛው ከጓሳ ግጦሽ ጥግ የመጡ፣ የበግ ጠጉር ባና የደረቡ ሽማግሌ ነበሩ። የገብስ መሬታቸውን ጎረቤታቸው ረትቶ ወስዶባቸው ይግባኝ ብለዋል። ውሳኔው ሊነበብ ነው። ዳኛው መግቢያውን ሲያነቡ እኔ በር ላይ ቆሜ በሥራዬ እኮራለሁ። ድንገት ዳኛው ስክሪኑ ላይ አፋቸውን እንደከፈቱ ደርቀው ቀሩ።

ወደ አዳራሹ ስዊች ሮጥኩ። የስዊቹ መብራቶች ሁሉም ባንድ ላይ እንደ እብድ ይርገበገባሉ። ከየቢሮው ኔትወርክ ጠፋብን እያሉ መጡ። አጥፍቼ አበራሁት፣ ያው ነው። ከፍርድ ቤቱ ደውለው፣ አሁኑኑ ካልተስተካከለ ሌላ ቀጠሮ እንሰጣለን አሉኝ። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ፊታቸው አመድ መሰለ። የዘር ጊዜ ደርሷል፤ እስከ ቀጠሮው ጎረቤትየው ያርሰዋል።

ገመዶቹን አንድ በአንድ ልፈትሽ ጠረጴዛው ሥር በእንብርክኬ ገባሁ። ያየሁትን ማመን አቃተኝ። የአንዱ ገመድ ሁለቱም ጫፍ እዚያው ስዊች ላይ ተሰክቷል። መልእክቱ በአንዱ ወጥቶ በሌላው ይገባል፣ ተመልሶ ይወጣል፣ እየተባዛ ይዞራል፤ ለማንም ማለፊያ አይተርፍም።

"ይሄን ማነው የሰካው?"

"እኔ ነኝ፣ ልጄ" አሉ ሽማግሌው። "ጫፉ መሬት ወድቆ አየሁት። ገመድ እንዲህ ተዝረክርኮ ይተዋል? ፈረስ ይጠልፋል። ልኩ የሆነ ቀዳዳ አገኘሁለት።"

ፈረስ፣ አዳራሽ ውስጥ! ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር። የዳኛውን አፍ የያዘው የእርስዎ እጅ ነው ስላቸው ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። ለካ ጎረምሳ ስጠብቅ አደጋው ባና ለብሶ ነው የመጣው።

ገመዱን ነቀልኩት፣ መብራቶቹ ረጋ አሉ። ግን ልቤ አላመነም። ፍርድ ቤቱ እስኪደውል ባዶ ፖርቶቹን መዝጋት ጀመርኩ፤ የራሱ መልእክት ዞሮ ከመጣበትም ፖርቱ ራሱን እንዲዘጋ አደረግሁ። ሽማግሌው አጠገቤ መጥተው ምን እያደረግህ ነው አሉኝ።

"ክፍቶቹን እየዘጋሁ ነው፣ አባቴ።"

"እኛ ሣሩ እንዲያገግም የጓሳን ግጦሽ ከከብት ስንዘጋ ዙሪያውን ባንድ ቀን ነው። አንተ ይቺን የኔን ቀን ስትጠብቅ ነበር?"

የመጨረሻዋን ፖርት ዘጋሁ።

ዳኛው ተመለሱ፣ አነበቡ። መሬቱ ለሽማግሌው ይመለስ ተባለ። እሳቸው ግን ሁለት እጃቸውን ባናቸው ውስጥ ቀብረው ድርቅ ብለዋል።

"አባቴ፣ ተሰምቶዎታል?" አሉ ዳኛው። "ከተሰማዎት እጅዎን ያንሱ።"

ሽማግሌው ወደኔ ዞሩ።

"እጄን ላውጣው?" አሉኝ።