ለአቶ ይርዳው የሚመጡ ደብዳቤዎች

ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ የሟቹ ስልክ ጮኸ። ስልኩ ሚስቲቱ ጭን ላይ ነበር። ቤቱን ከሞላው ሰው አንሺውም፣ ተዪውም የሚል ጠፋ። ደዋዩ መርዶውን ያልሰማ የሩቅ ደንበኛ ይሆናል፣ እስኪሰለቸው ደውሎ ተወው። ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት ግን ስለዚያ ሟች አልነበረም። ስለ አቶ ይርዳው ነበር።

በሃያ አራት ዓመቴ ብቸና ውስጥ በአንድ የገበሬዎች ዩኒየን ተቀጥሬ እሠራ ነበር። የተማርኩት ኮምፒውተር ነው። ዩኒየኑ ከገበሬውና ከልማት ሠራተኛው የሚመጣውን ጥያቄ በስልክም በኢሜይልም ተቀብሎ የሚመልስ የመረጃ ማዕከል ከፍቶ ነበር፤ ማዕከል ስል አንድ ክፍል፣ ሦስት ኮምፒውተርና እኔ ማለቴ ነው። ሥርዓቱ ያለው ክላውድ ላይ ነው ተባልን። የት አገር እንዳለ በማናውቀው ማሽን ላይ የብቸናና የሞጣ ገበሬ ጥያቄ ይቀመጣል ማለት ነው። ያኔ ይህን ማመን ይከብደኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ዛሬም ቢሆን ቀላል አልሆነልኝም።

አቶ ይርዳው የሰብል ባለሙያ ነበሩ። ማዕከሉ ከመከፈቱ በፊት ማዕከሉ እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ ማለት ይቻላል። የኢሜይል አድራሻቸው ከየጁቤ እስከ ሞጣ በየገበሬ ማሠልጠኛው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ለሚጽፍላቸው ሁሉ መጀመሪያ የሚልኩት መስመር አንድ ነው፦ "ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ ታግሠው ይጠብቁኝ።" ከዚያ መጽሐፍ ያገላብጣሉ፣ ሲያስፈልግም የጎማ ጫማቸውን አጥልቀው ማሳ ድረስ ይሄዳሉ። ምሳቸውን በሶ በጥብጠው እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ይጠጡ ነበር። እኔን "የመብራት ሠራተኛ" እያሉ ያሾፉብኛል፤ መብራት ሲጠፋ ሥራ ስለምፈታ።

ሐምሌ ላይ ታመው ብዙም ሳይሰነብቱ አረፉ። የቀብራቸው ዕለት ጭቃው ባት ይውጥ ነበር። ደሳለኝ የሚባል፣ እርሳቸው ሥራ ያስተማሩት የሞጣ የልማት ሠራተኛ፣ አንድ ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀርቶበት ቃሬዛውን ሳያወርድ ሲሄድ አይቻለሁ።

አርባቸው ከወጣ በኋላ ባለቤታቸው እትዬ ጥሩዓለም የቢሮውን ቁልፍ ሊመልሱ መጡ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ሙላት ቁልፉን ተቀብለው፣ የኢሜይል ሳጥናቸውም ለአዲሱ ባለሙያ ስለሚፈለግ እንደሚዘጋ ነገሯቸው። ክፋት አልነበረባቸውም፤ የተፈቀደልን ሳጥን ውስን ነበር። እትዬ ጥሩዓለም ግን ከወንበራቸው አልተነሡም። አሁንም ደብዳቤ ይመጣለታል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ያልሰማ ብዙ ነው፣ የሰማውም ሌላ አድራሻ ስለማያውቅ ይጽፋል አልኳቸው።

"ስም የሚያስጠራ ልጅ አልሰጠንም፣ ይታይሽ ልጄ" አሉኝ። "ስሙን የሚጠራለት ይኸ ደብዳቤ ብቻ ነው። እሱንም ልትዘጉበት ነው?"

አቶ ሙላት አቀረቀሩ። እኔ አይዘጋም አልኩ። እንዴት እንደማደርገው ሳላውቅ ነው ቃል የገባሁት፤ በወጣትነት አፍ ይቀድማል።

ሁለት ቀን ሙሉ መመሪያ ሳነብና አዲስ አበባ ያለውን አሠልጣኝ በስልክ ሳስቸግር ቆየሁ። በመጨረሻ የገባኝ ነገር እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ለካ አንድ ስም የራሱ ሳጥን ባይኖረውም ደብዳቤ ሊመጣለት ይችላል! ሳጥኑ ይዘጋል፤ ስሙ ግን የማዕከሉ ተለዋጭ አድራሻ ሆኖ ይመዘገባል። በዚያ ስም የተላከው ሁሉ ወደ ማዕከሉ የጥያቄዎች ወረፋ ይተላለፋል፣ ተረኛ የሆነው ባለሙያ ያነሣዋል። አባቴ ገጠር ላለው ወንድሙ ሲጽፍ ፖስታው ላይ "በእገሌ በኩል ይድረስ" ብሎ የአንድ ከተማ ነጋዴ ስም ይጨምር ነበር፤ ነጋዴውም በገበያ ቀን ያደርሳል። ይኸም ያው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ አድራሹ ሰው ሳይሆን ስም ብቻ መሆኑ ነው።

ስጨርስ ከስልኬ ለአቶ ይርዳው ጻፍኩ። "ጋሼ፣ ደረሰ ወይ?" ብቻ ነው ያልኩት። ጥቂት ቆይቶ ኮምፒውተሩ ድምፅ ሰጠ። ያው የጻፍኩት ቃል ፊቴ ላይ ወጣ፤ ከላዩ የእርሳቸው ስም አለ። የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እንዴት እንደሚሄድም አውቃለሁ፤ ሆኖም ብድግ ብዬ አማተብኩ።

እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ማዕከሉ ለጻፈ ሁሉ ወዲያው በራሱ የሚልከው አጭር ምላሽ ነበረው። ለእርሳቸው አድራሻ የተለየ ላድርግ ብዬ የራሳቸውን ቃል አስገባሁበት፦ "ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ ታግሠው ይጠብቁኝ።" እንደማክበር ቆጥሬው ነበር። ምላሹ ደብዳቤው በተላከበት በእርሳቸው ስም እንደሚወጣ ግን ልብ አላልኩም።

በሦስተኛው ቀን ደሳለኝ ከሞጣ የታመመ የስንዴ ቅጠል ፎቶ ላከ። ዋግ መስሎታል። ዋግ ከሆነ ደግሞ ሳይረጭ ያለፈ እያንዳንዱ ቀን ማሳ ይበላል። አቶ ይርዳው እንደሌሉ ያውቃል፤ ማንም ይክፈተው ብሎ ነው የጻፈው። ደቂቃ ሳይሞላ፣ ቃሬዛቸውን ከተሸከመላቸው ሰው ስም ያቺ መስመር መጣችለት።

በማግሥቱ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዞ፣ ያንን ኮረኮንች በደብረ ወርቅ በኩል ተንገጫግጮ ብቸና ገባ። ወደ ቢሮ አልመጣም። በቀጥታ እትዬ ጥሩዓለም ቤት ሄዶ ስልኩን አሳያቸው። ረፋዱ ላይ ሁለቱ ተከታትለው ሲገቡ አየኋቸው፤ እሳቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ እሱ ለእሳቸው ያመጣውን የባቄላ እሸት ማስቀመጥ ረስቶ ከነፌስታሉ ተሸክሞታል።

ደሳለኝ ምላሹን ከስልኩ ላይ ሲያሳየን ጥፋቱ የኔ መሆኑን ተናገርኩ። አቶ ሙላት አድራሻው አሁኑኑ ይሰረዝ አሉ። ደሳለኝ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"ለአፍታ አምኜው ነበር" አለኝ ቀስ ብሎ።

እትዬ ጥሩዓለም ተቀመጡና መስመሯን እንዳነብላቸው ጠየቁ። አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

"ቃሉስ የሱ ነው" አሉ። ቀጥለውም፦ "ግን የሞተ ሰው ጠብቁኝ አይልም። በስሙ ተቀበሉ፤ በስማችሁ መልሱ።"

አቶ ሙላትም ይሰረዝ ማለታቸውን አልደገሙትም። ከዚያ እትዬ ጥሩዓለም ወደ ደሳለኝ ዞረው ስለ ቅጠሉ ምን እንደተባለ ጠየቁት። ለካ ስንደናገጥ የስንዴውን ነገር ማናችንም አላየነውም! አዲሱ ባለሙያ እዚያው ፎቶውን ከፈተ፤ ዋግ ነበር። ደሳለኝ የሚረጨውን መድኃኒት ይዞ በዚያው ዕለት ወደ ሞጣ ተመለሰ። እሸቱን አብረን እየፈለፈልን ነው የሸኘነው።

እኔም ምላሹ በማዕከሉ ስም እንዲወጣ አስተካከልኩት፤ "ለአቶ ይርዳው የጻፉት ለእኛ ደርሶናል" ይል ጀመር። እትዬ ጥሩዓለም እስከ ዛሬ ኢሜይል ጽፈው አያውቁም፤ የዚያን አድራሻ ሕግ ያወጡት ግን እሳቸው ናቸው። መመሪያው ውስጥ ብፈልገው አላገኘውም ነበር።

ከዩኒየኑ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። እትዬ ጥሩዓለም ባገኙኝ ቁጥር "ሰሞኑን መጣለት?" ይሉኛል፤ እኔም አሁን እዚያ የሚሠሩትን ልጆች ጠይቄ እነግራቸዋለሁ። ከለቅሶ ቤቱ በተመለስኩ ማግሥት ለልጆቹ ደወልኩ። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ አንድም አልመጣም አሉኝ፤ ሰዉ አዲሱን አድራሻ ለምዷል። ስሙን ከዝርዝሩ እናውጣው ወይ ሲሉኝ ተዉት አልኳቸው።

ለእትዬ ጥሩዓለም ስደውል መዋሸት አምሮኝ ነበር። አንድ ሁለት መጥቷል ብል ማን ያውቅብኛል? ግን እውነቱን ነገርኳቸው።

"እንግዲያው የጠየቁትን ሁሉ መልሶላቸዋል ማለት ነው" አሉኝ።