ቲፑን ከፍዬ ምርቃቱ ጠፋብኝ

ዛሬ ደብረ ብርሃን ምሳ በልቼ ሂሳብ ሲመጣ፣ ያላዘዝኩት ነገር ከታች ተደምሮ አገኘሁ።

«ቲፕ ነው፤ ግዴታ ነው» አለችኝ አስተናጋጇ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ። (ፈገግታ ግን ግዴታ አይደለም መሰለኝ።)

ከፈልኩ። አፌ ግን አላርፍ አለ። «እኛ አገር ቀየት፣ ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ ዘነቡ ጭማሪ ብር ስንሰጣቸው ይቆጣሉ። ‹ይልቅ መርቀኸኝ ውጣ› ነው የሚሉት» አልኳት።

ልጅቷ ሰሃን ማንሳቷን ተወች። «የቀየት ሰው ነዎት? እኔም ከገጠር፣ ከራቤል ነኝ የመጣሁት።» ከዚያ ሁለት መዳፏን ዘረጋች። «እስቲ ይመርቁኝ። እዚህ ሥራ ከገባሁ ማንም መርቆኝ አያውቅም።»

አባቴ ከሰው ቤት ማዕድ ሲነሱ የሚመርቁት ረጅም ምርቃት ነበራቸው። ቤቱ በሙሉ «አሜን» ይላል። እኔ ደግሞ መቼ ባለቀ እያልኩ እቁነጠነጥ ነበር።

«እግዜር ይስጥሽ» አልኳት።

«አሜን» አለችና መዳፏን እንደዘረጋች ቀጣዩን ጠበቀች። አልመጣልኝም።

እናንተ ቤት አባቶች ከማዕድ ሲነሱ ምን ብለው ነበር የሚመርቁት? የምታስታውሱትን ሁሉ ጻፉልኝ። ነገም ምሳዬን እዚያው ነው የምበላው።