ማኅደሩ ላይ የፈሰሰ ዘይት

ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ እስራኤል አገር፣ ክርያት ሞሼ በሚባል ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር፤ ዐርብ ማታ እራት ከተነሣ በኋላም የእናቴ አባት ተረት ያወሩልን ነበር። አባባ ነው የምንላቸው። አባባ ተረት ሲያወሩ እጃቸው አያርፍም፤ ጅቡን ሲሆኑ ጠረጴዛው ይነቃነቃል፣ አህያዋን ሲሆኑ ደግሞ እናቴ ጎረቤት ሰማ ብላ ትሳቀቃለች።

አንድ ዐርብ ጅቡ አህያዋ ላይ ሲዘል የአባባ ክንድ የሰንበቱን የዘይት መብራት ገለበጠው። ክሩ ጠፋ፣ ጭሱ ሸተተን፤ ዘይቱ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ በነበረው ማኅደር ላይ ፈሰሰ። ማኅደሩ የእኛ የቤተ እስራኤሎች ቄስ ኦሪታቸውን የሚይዙበት የቆዳ ቦርሳ ነው፤ ከጎንደር በሱዳን በኩል በትከሻቸው ተሸክመውት የመጡት። ማንገቻው ተበጥሶ አባባ እንዲሰፉላቸው ሰጥተዋቸው ነበር፤ ለስግድ በዓልም ይፈልጉታል።

«አሁኑኑ ዱቄት ቢነሰነስበት ይመጠው ነበር» አሉ አባባ። «ግን ሰንበት ገብቷል፤ ሥራ አይነካም።»

ተረቱን አልጨረሱትም። ሰንበት እስኪወጣ ድረስ ዘይቱ ወደ ቆዳው ሲሰርግ ዝም ብለን አየን፤ አባባም ሰው ሲመጣ ቀና ብለው አላዩም።

ቅዳሜ ማታ እናቴ በሳሙናና በበረኪና ልትፈትገው ተነሣች። «ተይው» አሏት፤ «ውሃው ያደርቀዋል፣ በረኪናው ቀለሙን ይበላዋል።» በደረቅ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጉ ላዩን አነሡለት እንጂ አላሹትም። ጥቁሩ ግን አልለቀቀም። በማግስቱ ዕብራይስጥ የምችለውን እኔን አስከትለው ሱቅ ወረዱ፤ ማኅደሩን ሰው እንዳያየው ቤት ትተውታል።

ወረፋ ነበር። ተራችን ሲደርስ «ለአያቴ፣ ኦር ላይ ያለ የዘይት እድፍ የሚያስለቅቅ ነገር አላችሁ?» አልኩ። ኦር ማለት ቆዳ ነው፤ በእኛም በእነሱም ቋንቋ የሰው ገላና የቦርሳ ቆዳ በአንድ ስም ይጠራል፤ እኔ ቦርሳ የምትለዋን ቃል ረሳኋት። ባለሱቋ አባባን ከግንባራቸው እስከ አገጫቸው አየቻቸውና «የቱ እድፍ? ይህ እኮ ቀለሙ ነው፣ የኔ ማር» አለችኝ። በክፋት አልነበረም። ከኋላችን የቆሙት ግን ሳቁ።

«ምን አለች?» አሉኝ አባባ።

«የለም ነው የምትለው።»

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉና «ቶዳ ራባ» ብለው በዕብራይስጥ አመሰገኗት፤ ለሳቁትም ዞረው ጎንበስ አሉላቸው። ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያፈርኩት በሳቁት ሰዎች ቢሆን ምን ነበረበት፤ ያፈርኩት በአባባ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ አብሬያቸው የምሄድ እንዳልመስል ወደኋላ ቀረት አልኩ።

ቤት እናቴ ለኬክ የገዛችው ቆርንፍሎር የሚባል የላመ የበቆሎ ዱቄት ነበር። አባባ መጀመሪያ ማንም በማያየው በውስጥ በኩል ሞከሩት፤ ቆዳው ምንም እንዳልሆነ ሲያዩ እድፉ ላይ ወፈር አድርገው ነሰነሱት። አሳድረው በለስላሳ ብሩሽ እያራገፉ፣ እንደገና እየነሰነሱ ሰነበቱ፤ በመጨረሻ ደብዘዝ ያለች ምልክት ብቻ ቀረች። ቄሱ ሲመጡ እሷኑ በጣታቸው አሳይተው «በእኔ እጅ ነው የተበላሸው» አሏቸው። ቄሱም ኦሪቱን ከተቱበትና አነገቱት።

በሚቀጥለው ዐርብ አባባ የጅቡን ተረት እስከ መጨረሻው ነገሩን፤ እጃቸውን ጉልበታቸው መሀል አጣብቀው። ሌሎቹ ልጆች ሲነሡ እኔ ቀረሁ።

«አባባ፣ ያቺ ባለሱቅ የለም አላለችም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ። «ኡልፓን፣ የአዲስ መጤዎች ትምህርት ቤት፣ ዕብራይስጥ ሲያስተምሩን ከቀለሞች ስም ነው የጀመሩት።»

ለካ ሁሉም ገብቷቸው ነበር። ያኔ ሱቁ ውስጥ ያልገባቸው መስለው ጎንበስ ያሉት ለማን ብለው እንደሆነ ሳስበው፣ እስከ ዛሬ ከኀፍረት መግቢያ ይጠፋኛል።